ፊታችሁን አስጹሙት፦ ስለ ችፌና ስለሚያሳክክ የዓይን ቆብ ማሳሰቢያ

ለአንድ የቅርብ ዘመዴ ሠርግ ስዘጋጅ ጥፍሬን ቀለም ተቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሁለቱም ዓይኖቼ ቆብ አብጦ፣ ጠቁሮና ተሸብሽቦ ተነሣሁ። ያሳክከኛል፤ ያቃጥለኛል። ጣቶቼ ግን ምንም አልሆኑም። ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ተጠረጠረ። አንዷ "ምች መትቶሽ ነው" ስትል ሌላዋ "የሰው ዓይን ነው" አለች፤ ሦስተኛዋ የበላሁትን ዓሣ ወቀሰች። ጥፍሬን የጠረጠረ ማንም አልነበረም።

ለእኔ የምታስብ አንዲት ዘመዴ ከቦርሳዋ ትንሽ ቱቦ አውጥታ ሰጠችኝ። ቀባሁት፤ በሁለት ቀን ጥርት አለልኝ። ስተወው ተመለሰ። ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ተመለሰ። ጥፍሬን ቀለም መቀባቱን ሳልተው፣ ቱቦውን ራሴ እየገዛሁ ስቀባ ስድስት ወር አለፈ። ሐኪም ዘንድ የደረስኩት የቆቤ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስቶ፣ ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች መታየት ሲጀምሩ ነው። ሐኪሟ ገና እንደተቀመጥኩ "እስቲ እጅሽን አሳዪኝ" አለችኝ።

ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው እኔ የሄድኩበትን መንገድ ሌላ ሰው እንዳይሄድበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከአንድ ምክር ይመነጫል፦ ዓይን አካባቢ ያለ ቆዳ ሲቆጣ "ምን ልቀባው?" ከማለታችን በፊት "ምን ልተውለት?" እንበል። ጽሑፉ ሐኪምን አይተካም፤ ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ጉዳት እንዳትጨምሩ፣ ከደረሳችሁም በኋላ የታዘዘላችሁን በትክክል እንድትጠቀሙ ይረዳችኋል።

አስቀድመን ቆዳውን እንወቀው

የዓይን ቆብ ቆዳ በሰውነታችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መዳፋችን ከቁም ነገር የማይቆጥረው ሳሙና፣ ሽቶ ወይም ጭስ ቆቡን ቶሎ ያስቆጣዋል። መድኃኒትም ከሌላው ቦታ ይልቅ በቀላሉ ይሰርግበታል። ሲቆጣ ውሃ ቋጥሮ ማበጡም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዓይን አካባቢ የሚያሳክክ ቆዳ ምክንያቱ አንድ አይደለም። አስምና ተደጋጋሚ ማስነጠስ ባለበት ቤተሰብ በዘር የሚመጣ ችፌ አለ። የንክኪ አለርጂ ደግሞ ሰውነት የማይስማማው ነገር ሲነካው የሚመጣ ሲሆን፣ ከነካን በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ስለሚነሣ ጥፋተኛውን ለማግኘት ያስቸግራል። ሌላው አለርጂ ሳይኖር በሳሙና፣ በጭስ ወይም በበርበሬ ብናኝ የሚመጣ መቆጣት ነው፤ ይህ ማንንም ሰው ያገኛል። ፎረፎር የሚያስቸግረው ሰውም ቅንድቡና የሽፋሽፍቱ ሥር ሊፈረፈርና ሊያሳክከው ይችላል።

በእኛ ቆዳ ላይ መልኩ እንደሚለይም እንወቅ። ብዙ የሕክምና ጽሑፎች ችፌን "ቀይ ሽፍታ" ይሉታል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ወደ ጥቁር፣ ወደ አመድማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ፣ ደቃቅ እብጠቶችም ሊያወጣ ይችላል። "ስላልቀላ ችፌ አይደለም" አትበሉ።

ችፌ አይጋባም። በአንድ ትሪ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም አይተላለፍም።

አድርጉ

1. ፊታችሁን ቢያንስ ለ2 ሳምንት አስጹሙት። ኩል፣ ማስካራ፣ ሜካፕ፣ ሽቶ፣ ሽታ ያለው ቅባት፣ የጥፍር ቀለም፣ የተለጠፈ ሽፋሽፍት፣ የፀጉር ቀለም ሁሉም ይቁም። ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። ጾሙ ሲፈታም ሁሉንም በአንድ ቀን አትመልሱ፤ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ሐኪም ያዘዘላችሁን የዓይን ጠብታ፣ በተለይ የግላኮማውን፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

2. የሦስት ቀን ማስታወሻ ያዙ። ማሳከኩ የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ወደ ኋላ ሦስት ቀን ቁጠሩ። በነዚያ ቀናት ፀጉር ቤት ሄዳችኋል? አዲስ ሻምፑ ገዝታችኋል? ቤት ቀለም ተቀብቷል? በርበሬ አስፈጭታችኋል? ለዓይን የተቀባውን ብቻ አትፈልጉ። ሻምፑ ከራስ ወደ ዓይን ይወርዳል፤ ሽቶ በአየር ይመጣል፤ የጥፍር ቀለም በጣት ይደርሳል። የጣት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ዝም ሲል፣ በቀን ስንቴ እንደምንነካው የማናስተውለው የዓይን ቆብ ይታመማል።

3. አዲስ ቅባት ከፊት በፊት ክንድ ላይ ይሞከር። ፊት ላይ ተቀብቶ የሚቆይ ቅባት ከሆነ፣ በክርን መታጠፊያ በኩል የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ ላይ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀቡት። እዚያ ካሳከከ ወደ ዓይን አይጠጋ።

4. ዓይን አካባቢ በውሃ ብቻ ታጠቡ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሳሙና አይንካው። ስታደርቁ በፎጣ አትሹት፤ እንደ አሮጌ ንጹሕ ነጠላ ባለ ለስላሳ ጨርቅ እየነካካችሁ አድርቁት። ፀጉር ስትታጠቡ አረፋው በፊት እንዳይወርድ ራሳችሁን ወደ ኋላ አድርጉ።

5. ሲያሳክክ በቀዝቃዛ ጨርቅ አስታግሱት። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁና በተከደነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አኑሩ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። በረዶ በቀጥታ አታድርጉ። ጨርቁ የሌላ ሰው ዓይን የነካ መሆን የለበትም፤ በየዕለቱም ይታጠብ።

6. ወዲያው ቫዝሊን ቀቡ። ቆዳው ገና እርጥበት እንዳለው፣ ለአንድ ቆብ የምስር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። የታጠበ ጣት ብቻ ይግባበት፤ ዓይን ውስጥ አይግባ። ሽታ ወይም ቀለም የተጨመረበትን አትግዙ። በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ብርድ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ክረምት ገብቶ ማሞቂያ ሲበራ፣ ይህን ልማድ አታቋርጡ።

7. የሽፋሽፍት ሥር ከፈረፈረ ለብ ባለ ጨርቅ አጽዱት። ጠዋት ሽፋሽፍታችሁ ላይ ቅርፊት ከተገኘ፣ ለብ ባለ ጨርቅ 5 ደቂቃ ያህል አሙቁና በእርጥብ ንጹሕ ጥጥ ከሥሩ ጥረጉ። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ነው። የራስ ፎረፎር ካለባችሁ እሱም አብሮ ይታከም።

8. እጃችሁን ጠብቁ። ጥፍር አጭር ይሁን። በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት ከነካችሁ በኋላ ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። በበረኪና ስታጸዱ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። በዓረብ አገራት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ይህን ለራሳችሁ ያዙት፤ ቀኑን ሙሉ ከውሃና ከበረኪና ጋር የሚውል እጅ ራሱ ይቆስላል፣ ዓይንንም ያስቆጣል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ደባልቆ መጠቀም ትንፋሽን ሳይቀር የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግ።

9. ከጭስ ራቁ። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ በበሩ አጠገብ ይጨስ፤ ዓይኑ የታመመ ሰው ነፋሱ ጭሱን በማይወስድበት በኩል ይቀመጥ። እንጀራ በእንጨትና በኩበት የሚጋገር ከሆነ ጭሱ መውጫ ይኑረው፤ ሕፃን አዝላችሁ አትጋግሩ።

10. ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የተዋሳችሁትን ቱቦ፣ ሻምፑውን፣ ኩሉን፣ የባህል መድኃኒቱንም አትደብቁ። የንክኪ አለርጂን የሚለይ ምርመራ አለ፦ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች በጀርባ ላይ ተለጥፈው ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከተነሡ በኋላ ከዚያም ከጥቂት ቀናት በኋላ ጀርባው ይታያል። ይህ ምርመራ ባለበት ቦታ ያላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ለቆዳ አለርት፣ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው፤ ደሴ አካባቢ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ሪፈር ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ።

11. የታዘዘውን በታዘዘው ልክ ተጠቀሙ። ለዓይን ቆብ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ደካማው ስቴሮይድ፣ ማለትም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ችፌው የሚመላለስባቸው ሰዎች ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት፣ ለምሳሌ ታክሮሊመስ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ታክሮሊመስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይለቃል። ይህን ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ቀን ይጥለዋል፤ ስለዚህ ጠይቁ።

አታድርጉ

1. የተዋሳችሁትን ቅባት ዓይን አካባቢ አትቀቡ። የዚህ ማሳሰቢያ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን ወይም ሞሜታሶን የሚል ካያችሁ ከሃይድሮኮርቲሶን የበረታ ስቴሮይድ ነው። በሁለት ቀን ቆዳውን የሚያጠራው መቆጣቱን ስለሚያፍን ነው፤ ምክንያቱ ግን ባለበት አለ። ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳል፤ ዓይንና አፍ ዙሪያ ብጉር መሳይ ሽፍታ ያወጣል፤ ሰርጎ የዓይን ግፊት ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሽፍታው ጭርት ከሆነም መልኩን ለውጦ ያስፋፋዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የሰው ቱቦ መዋስ ያልነበረ ዕዳ ማምጣት ነው። ለወራት ስትቀቡ የኖራችሁ ከሆነ ስታቆሙ ብሶ ሊነሣ ስለሚችል ሐኪም እያያችሁ አቁሙ፤ የዓይን ግፊታችሁንም አስለኩ።

2. ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ትዕዛዝ አትጨምሩ። ማሳከኩን ያበርዳል፤ ነገር ግን ሕመም ሳይሰማ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ በሚያመጣው ግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ዓይን ውስጥ ካለ ደግሞ ይህ ጠብታ ቁስሉን ያባብሰዋል። ሰው የጀመረውን ወይም ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በላይ የሆነውን ጠብታ አትጠቀሙ።

3. ለዓይን ሕመም ሁሉ ቴትራሳይክሊን አትቀቡ። ይህ ቅባት በየጤና ጣቢያው የታወቀው ለትራኮማ ነው፤ ለዚያም በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው የሚሰጠው። ችፌን አያድንም። ኒዮማይሲን ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ ራሳቸው አለርጂ በማስነሣት ይታወቃሉ፤ ከቀባችሁ በኋላ ከባሰባችሁ መድኃኒቱንም ጠርጥሩ።

4. ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም አታስነኩት። የነጭ ሽንኩርት ልጥፍ እንደ እሳት ያቃጥላል። ጤና አዳምና ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ቋጥሮ ሊቆስል፣ ጠባሳውም ለወራት ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ጤና አዳም ለቡና ያምራል፤ ለዓይን ቆብ አይሆንም።

5. የእናት ጡት ወተት፣ ምራቅ ወይም ቅቤ ዓይን ውስጥ አትጨምሩ። ጀርም ይዘው ይገባሉ። ለራስ የተቀባ ለጋ ቅቤ ቀልጦ በግንባር ከወረደ ቆዳውን ያስቆጣል፤ ዝንብም ይጠራል። ቅቤ የምትቀቡ ሰዎች ግንባራችሁን በሻሽ እሰሩ።

6. ዓይናችሁን አትሹ። ማሸት ለአፍታ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቆዳውን ያወፍረዋል፣ ያጠቁረዋል፣ የቅንድብንና የሽፋሽፍትን ፀጉር ያረግፋል። ለዓመታት አጥብቆ ማሸት የዓይንን ፊተኛ መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያን፣ እንደ ቀንድ አሹሎ እይታን ከሚያዛባው ኬራቶኮነስ ከሚባለው ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። እጃችሁ ሲነሣ ቀዝቃዛውን ጨርቅ አንሡ።

7. ኩል አትዋዋሱ፤ ሕፃን አትኳሉ። በአንድ መኳያ ሦስት ሴቶች ከተኳሉ የአንዷ የዓይን ሕመም የሦስቱም ይሆናል። በተጨማሪ፣ በብዙ አገር ከሚሸጠው ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ተገኝቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ይህን ዓይነቱን ኩል በመዋቢያነት አይፈቅድም። የተከፈተ ማስካራ 3 ወር ከሞላው ይጣል።

8. የጠቆረውን በማንጫ ክሬም አታስለቅቁ። ችፌ ሲድን ቆዳችን ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ሕመም አይደለም፤ ማሳከኩ ከቆመና ቆዳው ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ማንጫ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የተገኘባቸው ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጥላ ከሁሉም ይሻላል።

9. ጥቁር ሂና አትቀቡ። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይደለም፤ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው ፒፒዲ ይጨመርበታል። ለዚህ ኬሚካል አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ በሌላ ዓመት ፀጉር ሲቀባ ዓይኑ እስኪከደን ሊያብጥ ይችላል።

10. ሳይመረመር ምግብ አታስቀሩ፤ በተለይ ከልጅ። የዓይን ቆብን ብቻ የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚነካው ነገር ነው። እንቁላልና ወተት በግምት የተከለከለ ልጅ ችፌው ሳይለቀው ዕድገቱ ይጎዳል።

11. ጸበል ስትገቡ መድኃኒት አትጣሉ። እምነቱና ሕክምናው አይጣሉም። ከተጠመቃችሁ በኋላ ፊታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አድርቁ፤ ቫዝሊናችሁን ቀቡ፤ የታዘዘላችሁንም በሰዓቱ ውሰዱ።

ለወላጆችና ለመምህራን

ልጅ ዓይኑን ሲያሽ መቆጣት አያስተወውም፤ በሚያሳክከው ሰዓት ማሳከኩን ማስታገስ ነው የሚያስተወው። ሲተኛ ጥፍሩ የተቆረጠ፣ ፊቱ ቫዝሊን የተቀባ ይሁን። በፀሐይና በአቧራ ወራት ዓይኑ የሚቀላ፣ የሚያሳክክና እንደ ክር የሚጎተት ነጭ ዓይናር የሚያወጣ ልጅ የዓይን ሐኪም ይየው፤ ይህ የልጆች የዓይን አለርጂ ሳይታከም ከቆየ ብርሃን ይጎዳል። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ ያበጠና መግል የያዘ ሕፃን ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅለትም።

መምህራን ሆይ፣ ፊቱ የሚፈረፈረውን ተማሪ ለብቻው አታስቀምጡት። ችፌ አለመጋባቱን ክፍሉ ሁሉ ከእናንተ አፍ ይስማ።

ለፀጉር ቤት፣ ለመድኃኒት ቤትና ለጎረቤት

የፀጉርና የውበት ባለሙያዎች፦ ቀለም ከመቀባታችሁ፣ ሽፋሽፍት ከመለጠፋችሁ ወይም ጄል ጥፍር ከመሥራታችሁ በፊት "ከዚህ በፊት ቀለም ወይም ሙጫ ተቆጥቶብሽ ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለች ገንዘቡ ይቅር። የሽፋሽፍት ሙጫና የጄል ጥፍር ፈሳሽ የእናንተንም ጣትና ዓይን ያስቆጣል፤ እጅ ላይ እንዳይፈስ፣ ክፍሉም አየር እንዲኖረው አድርጉ።

የመድኃኒት ባለሙያዎች፦ "ለፊት የሚሆን ቅባት" ብሎ ለመጣ ሰው ጠንካራ ስቴሮይድ አትስጡ። "የት ነው የምትቀባው? ለስንት ቀን?" የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ዓይን ሊያተርፉ ይችላሉ። በአንድ ቱቦ ስቴሮይድ፣ የጭርትና የባክቴሪያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ክሬም ለማይታወቅ ሽፍታ ሁሉ መፍትሔ ተደርጎ አይሸጥ።

ጎረቤቶች፦ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገር ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው፤ የሚነደው ፕላስቲክና ጎማ ግን የሰፈሩን ሕፃናት ዓይንና ሳንባ ያቆስላል። ጠርጋችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ፤ አታቃጥሉ። ፊቱ የቆሰለ ሰው ስታገኙም እጃችሁን ከመጨበጥ አትሰብስቡ።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ዓይኑ ራሱ ካመመ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው፣ እይታ ከደበዘዘ።

• ችፌው ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ተመሳሳይ ውሃ የቋጠሩ ፍሬዎች ወጥተው ከፈረጡና ትኩሳት ከመጣ። ይህ የምች ቫይረስ ችፌው ላይ ተስፋፍቶ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን አይሳም።

• በግንባርና በአፍንጫ በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥል ፍሬ ከወጣ። ይህ አልማዝ ባለጭራ ሊሆንና ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፤ መድኃኒቱ በይበልጥ የሚሠራው ፍሬው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

• ቆቡ አብጦ ከተዘጋ፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ ካመመ ወይም ዓይኑ ወደ ፊት ከወጣ።

• ከፀጉር ቀለም ወይም ከመድኃኒት በኋላ ፊት አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ።

• በረኪና፣ ኖራ ወይም ሌላ ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ። እዚያው በቆማችሁበት፣ ዓይኑን ከፍታችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ።

አስቸኳይ ባይሆንም፣ በአንድ ቆብ ላይ ብቻ ለወራት የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ካለ ችፌ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ካንሰር አለመሆኑ ይረጋገጥ።

በመጨረሻ

ሐኪሟ በዚያን ቀን አዲስ ቅባት አላዘዘችልኝም። ጥፍሬን አስጠረገችኝ፤ ቱቦውን ተቀበለችኝ፤ የዓይኔን ግፊት አስለካች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ቆዳዬ ከበፊቱ ብሶ ተቆጣ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅና በቫዝሊን ብቻ ታገሥኩት። ማሳከኩ የተወኝ በሁለተኛው ወር ነው። ዛሬ ጥፍሬ ባዶ ነው፤ ዓይኔ ግን ያርፋል።

ያቺ ቱቦ የሰጠችኝ ዘመዴ ክፋት አልነበራትም፤ ያላትን ነው ያካፈለችኝ። እኔም አሁን የማካፍለው አለኝ። ሰው ዓይኑን ሲያሽ ካያችሁ ከቦርሳችሁ ምንም አታውጡለት። አጠገቡ ቁጭ በሉና ባለፉት ሦስት ቀናት እጁ ምን እንደነካ ጠይቁት።